ባለ ፈረሱ ፖስታ

የምጽፈው ነቀምቴ በመምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ የደረሰብኝን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም ሳይቀር። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። ሰው በተሰበሰበበት አፌን ሞልቼ የተናገርኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የተናገርኩት ደግሞ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ነበር።

ዓይናፋር ነኝ። ጠመኔ ይዤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ካዞርኩ ባዮሎጂውን እንደ ውሃ አፈሰዋለሁ፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ግን ምላሴ ይታሰራል። ነቀምቴ ስመጣ ደግሞ ኦሮምኛ አለማወቄ ተጨመረበት። መንገድ ላይ ሰው «አካም ጂርታ?» ሲለኝ ፈገግ ብዬ አልፍ ነበር። «እንዴት ነሽ፣ አለሽ ወይ» ማለት መሆኑን የነገሩኝ አከራዬ ናቸው።

አከራዬ አደ አያንቱ ይባላሉ። አደ ማለት እንደ ወይዘሮ ነው። ግቢያቸው ባኬ ጃማ የሚባለው ሰፈር ነው፤ እኔ የተከራየሁት ከዋናው ቤት ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። ቤቱን ከተከራየሁ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላኝ ሰፈሩ እንደሚላቸው ሳይሆን ልጃቸው እንደሚላቸው «አዮ» እላቸው ጀመር። እናቴ እንደ ማለት ነው።

ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም የማያነሳው፣ ለጀማሪዎች የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አገኘሁ። መጀመሪያ የሚያስተምረው አገሩን መለየት ነው። ብዙ አገሮች ቴምብራቸው ላይ የሚጽፉት ስም ካርታ ላይ የለም። ስዊዘርላንድ «ሄልቬቲያ» ብላ ትጽፋለች፤ ፊንላንድ «ሱኦሚ»፤ ሀንጋሪ «ማጂያር»። እነዚህን ስሞች አልጋዬ ላይ ሆኜ እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። እየደገምኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በሕልሜም ማንም ያልሄደባቸው አገሮች ውስጥ እዞራለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋው ነው። የጠርዙ ጥርስ አንድም ያልጎደለ፣ ጀርባው ያልሳሳ፣ ማኅተሙ ሥዕሉን ያልሸፈነ ቴምብር ይሻላል። መጽሐፉ ጀማሪውን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው ግን በመልካቸው እንዳይታለል ነው። ወፍና አበባ፣ መርከብና ሮኬት ያለባቸው የሚያምሩት አዳዲሶቹ በሚሊዮን ስለሚታተሙ ምንም አያወጡም ይላል። እኔ ደግሞ የማፈቅረው እነሱኑ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጌ የተቆረጡትን የፖስታ ጥጎች እነክራለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሙጫው ይለቃል። ቴምብሩ ቀስ ብሎ ከወረቀቱ ይላቀቅና ብቻውን ይንሳፈፋል። በወረንጦ አንስቼ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እስካደርገው ድረስ እስትንፋሴን እይዛለሁ። አዮ መጀመሪያ ቀን ይህን ሲያዩ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ዋቃዮ! ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ወረቀት ትቀቅላለች?»

«አልቀቅለውም አዮ፣ እያላቀቅኩት ነው።»

«ጨው አድርጊበት እንግዲያው፤ እራታችን ከሆነ።»

በዚህ ነው የተቀራረብነው። በማግስቱ ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ከፊቴ አስቀመጡ። አንድ ልጃቸው ገመዳ ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዷል። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት የሱ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ሁሉም ከነፖስታቸው። አዮ አማርኛ ጥሩ አድርገው ይሰማሉ። መሠረተ ትምህርትም ገብተው ነበር፤ ግን «ዓይኔ ፊደሉን እምቢ አለ» ይላሉ። ደብዳቤዎቹን የሚለዩት በቴምብራቸው ነው።

«ዛሬ ወፏን አንብቢልኝ» ይሉኛል። ወፏ ገመዳ መጀመሪያ በረዶ ያየበት ናት። መርከቧ የታመመበትና የዳነበት ናት። ሰማይ የወጣው ሰውዬ፣ ራሱ ላይ ድስት የመሰለ ነገር የደፋው፣ ፈተና ያለፈበት ነው። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ቴምብሩን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ያዳምጣሉ። ቃሉን በልባቸው ያውቁታል። አንዲት ቃል ከዘለልኩ «ተይ፣ እዚያ ጋ ሌላ አለ» ይሉኛል። ውጭው ጉም ነው። ነቀምቴ በክረምት መግቢያ ጉሙ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከተማው ሁሉ የጠፋና እኛ ብቻ የቀረን ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጥር ወዲህ ግን ደብዳቤ አልመጣም። የካቲት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። አዮ «ዛሬ ወፏን» ማለት ተዉ። ቆርቆሮው ከአልጋው ሥር መውጣት አቆመ።

የሰፈሩ ደብዳቤ የሚመጣው በጋሽ በድሩ ፖስታ ሣጥን ነው። ጋሽ በድሩ ከጉራጌ አገር መጥተው ብዙ ዘመን እዚያው የኖሩ ባለሱቅ ናቸው። ሣጥን የተከራዩት ለንግዳቸው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰፈሩ ሁሉ አድራሻው አደረገው። ደብዳቤ ሲመጣ ከሳሙናው አጠገብ ያኖሩታል፤ ባለቤቱ ስኳር ሊጠይቅ ሲሄድ «ስኳር የለም፣ ደብዳቤ አለ» ብለው ይሰጡታል። ወደ ሰው ቤት ይዘው ሄደው አያውቁም።

ያን ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ ሱቃቸው ተዘግቷል። በዝናብ ውስጥ ቆሜ አየሁት። ገበያ ቀን ነበር፤ በእኩለ ቀን የተዘጋ ሱቅ ዓይን ይይዛል። ግቢያችን ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ ሰው ሞልቷል። ጎረቤታችን ወርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥበቡን ወደ ላይ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጠዋት ለአዮ ደብዳቤ መጥቷል። ጋሽ በድሩ ሲያዩት ቴምብሩ ያልለመዱት ሆነባቸው። አድራሻው ደግሞ በገመዳ እጅ ጽሑፍ ሳይሆን በታይፕ ነው። ክፉ ነገር ከሆነ ሱቅ ላይ፣ ከሰው ፊት መስጠት ከበዳቸው፤ ደግ ሰው ስለሆኑ ሱቃቸውን ዘግተው ፖስታውን ኮታቸው ውስጥ ከተው መጡ። ወርቄ ሱቁ ሲዘጋ አየች። ጋሽ በድሩ ወደ አዮ ቤት ሲታጠፉም አየች። ሌላ ምልክት አላስፈለጋትም፤ ነጠላዋን ገልብጣ ወጣች። እሷን ያዩ ደግሞ ተከተሏት።

ስገባ ኦቦ ፉፋ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው እየተናገሩ ነበር።

«የአያንቱ ወንድም አርጆ ነው ያለው። ሰው እንላክና ይምጣ። ማለዳ እንከፍተዋለን።»

«ለምን ማለዳ?» አሉ አዮ። ፖስታውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። «ማለዳ የሚነገረውን ነገር እኔ አላውቀውም? የስንቱን መርዶ አብሬ አረዳሁ?»

«ወላሂ አልከፈትኩትም!» አሉ ጋሽ በድሩ። ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል። «እኔ ምን አውቃለሁ? በእጄ ልስጣቸው ብዬ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሱቅ ዘግተው ይመጣሉ?» አለች ወርቄ። «ለልጅዎ ሠርግ ያልዘጉትን!»

«አንቺስ ማን ነጠላሽን ገልብጪ አለሽ?»

«እርስዎን አይቼ ነዋ!»

አዮ እኔን ሲያዩ ተነሡ። ሰዉን አልፈው መጡና ፖስታውን ዘረጉልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ።»

ኦቦ ፉፋ ሊከለክሉ እጃቸውን አነሡ። አዮ ሳይዞሩ «ውስጡን አይደለም» አሉ። «የላዩን ብቻ። የላዩን እሷ ታውቃለች።»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። ፊቴ ነደደ። ፖስታውን ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን ዞርኩ። ከሰዉ መደበቂያም ሆነኝ።

ቴምብሮቹ አራት ናቸው፤ ትንንሽ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን። ባለ ሦስት ማዕዘን ቴምብር በመጽሐፉ ውስጥ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በሁሉም ላይ ፈረስ አለ። አንዱ ይጋልባል፣ አንዱ ሣር ይግጣል፤ አንዷ ውርንጭላዋን ከጎኗ አድርጋለች። ማኅተሙ ጠርዙን ብቻ ነክቶ አልፏል። እንደዚያ ባለ ሰዓት ማሰብ የሌለብኝን አሰብኩ፦ ምን ያምራሉ! ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ራቀ። የሚሰማኝ ከቆርቆሮው ጥግ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር። ፈረሶቹ በጉሙ ውስጥ የሚሄዱ መሰለኝ።

ከሥር በትንሹ «ማጂያር ፖስታ» ይላል።

«ሀንጋሪ ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ሀንጋሪ። የመጣው ከሀንጋሪ ነው።»

«ራሺያ ውስጥ ነው?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

«አይደለም። ጎረቤቱ ነው፤ ሌላ አገር ነው።»

ምነው ባልተናገርኩ አልኩ። እውቀቴ የጠቀመ መስሎኝ ነገሩን አባሰው። ገመዳ ያለው ራሺያ ነው። እሱ ከሌለበት አገር፣ እሱ ባልጻፈው አድራሻ፣ ለእናቱ የሚጽፍ ማነው? ይህን ጥያቄ ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቀም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማኝ። «ማሎ…» አለች ወርቄ በቀስታ፤ እባክህ እንደ ማለት ነው። አዮ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

እንደገና አየሁት። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ የማውቀውን ብቻ አሰብኩ። መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲልክ ዋጋውን የሚሞላ አንድ ቴምብር ለጥፎ ይልካል፤ ወይም በማሽን ቀይ ማኅተም መትቶ ያልፋል። ማንም ሹም ተቀምጦ አራት ትንንሽ ፈረስ አይለጥፍም። እነዚህን የለጠፋቸው ሥዕል የመረጠ ሰው ነው። ሥዕል የሚመረጠው ደግሞ ሥዕል ለሚያነብ ሰው ነው።

እንዲህ አሰብኩ። እንዲህ መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ?

አዮ ቀና ብለው አዩኝ። በአማርኛ አልጠየቁኝም።

«ጂራ?» አሉ። አለ ወይ?

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እንደ ወትሮዬ ቢሆን አቀርቅሬ እወጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልወጣሁም። ከኔ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፤ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«ጂራ!» አልኩ። «አለ፣ አዮ። ይህን የላከው ራሱ ነው።»

«ክፈቺው» አሉ።

ኦቦ ፉፋ «ኧረ ቆይ…» አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። አሁን ደግሞ እኔ ቆምኩ። ልማዴ ሆኖ፣ ፖስታ በጎኑ በምላጭ ነው የምከፍተው፤ ቴምብሩ እንዳይነካ። ምላጭ ፍለጋ ዓይኔን አንከራተትኩ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ጋሽ በድሩ።

«ምላጭ።»

«ቅደጂው እንጂ! ነፍስ ተሰቅላ ለቴምብር ትሳሻለሽ?»

ቀደድኩት። ቸኩዬ ስስበው አንዱ ፈረስ አንገቱ ላይ ተተረተረ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። የገመዳ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ቀኝ የተጋደመው፣ የማውቀው። «ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ» ከሚለው በኋላ ማን ሊሰማኝ? ወርቄ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ተነሥታ እልልታውን አቀለጠችው። ኦቦ ፉፋ በዱላቸው ጠቆሟት። ዝቅ ብላ ልብሷን አየች፣ «ዋቃዮ አይየኝ!» ብላ ጓዳ ገባችና ገልብጣ ለብሳ ወጣች። ሰዉ ያን ጊዜ ሳቀ። አዮ ግን አልሳቁም፣ አላለቀሱም፤ ፖስታውን ተቀብለው የተተረተረውን ፈረስ በጣታቸው ሲያገጣጥሙ አየኋቸው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ገመዳን ለልምምድ ሀንጋሪ፣ የፈረስ ርቢ ጣቢያ ልከውት ኖሯል። ከዚያ በፊት የጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች የት እንደቀሩ አይታወቅም። የአድራሻውን ነገር እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «አድራሻውን ራሴ በታይፕ መትቼዋለሁ፤ መልመዴን ጋሽ በድሩ ይዩልኝ» ይላል።

ጋሽ በድሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸውን መቱበት። «ለእኔ ብሎ ነው እንዴ ሰው ሊገድል የነበረው! ቆይ ይምጣ ብቻ!»

ለለቅሶ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም ብለው አዮ ለበዓል ያስቀመጡትን የገብስ ጭኮ አወጡ። ሰዉ በቅቤ የራሰ እጁን እየላሰ፣ አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያስደነገጥከን» እያለ ወጣ። ጋሽ በድሩም ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሮጡ። እኔ የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።

አመሻሹ ላይ፣ ጸጥ ሲል፣ አዮ ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ቀን በጫጫታው መሐል ያልደረስኩበት አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። «ፖስታው በትንንሽ ቴምብር በመጨማለቁ ይቅርታ፤ ትልቁ አልቆ ልጅቷ የቀራትን ሰጠችኝ» ይላል።

ማንበቤን አቆምኩ።

«ምነው?» አሉ አዮ።

አነበብኩላቸው። ከዚያም እየተንተባተብኩ ቀን ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ፈረሶቹን የመረጣቸው እሱ እንደመሰለኝ፤ ለእሳቸው ሲል እንደመሰለኝ። ማንም እንዳልመረጣቸው። ቃሌ የቆመው በሌለ ነገር ላይ እንደነበር።

አዮ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ቀን ያልሳቁትን ሁሉ ያን ጊዜ ሳቁት።

«እና እኔ ፈረስ አይቼ ያመንኩ መሰለሽ?» አሉ። «አንቺን ነው ያየሁት። ከንፈርሽ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤ እንደዚያ እየፈራሽ ግን አፍሽን ከፍተሽ ተናገርሽ። ለመዋሸት እንደዚያ የሚፈራ የለም።»

ደብዳቤውን አጣጠፍኩ።

አሁን ያለሁት ጊምቢ ነው፤ ከዓመት በኋላ ተዛወርኩ። ስብስቤ ሰፍቷል። አልፎ አልፎ አንዳንድ ተማሪ አሮጌ ቴምብር ይዞ ይመጣና ዋጋው ስንት እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ጥርሱን እንዴት እንደሚያይ፣ ጀርባውን ለብርሃን እንዴት እንደሚይዝ አሳየዋለሁ። ይህን ሳስረዳ አልሳሳትም፤ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው። ከውጭ አገር ደብዳቤ የመጣለት ሰው አጠገቤ ሲቆም ግን ከቴምብሩ በፊት የማየው ፊቱን ነው። አንዳች ነገር እንዲጠይቀኝም አልፈልግም።

ባይሆንስ ኖሮ? ይህን ሳስብ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ብርድ ብርድ ይለኛል። እናት መደብ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ «አለ» ብዬ፣ ወረቀቱ ሲከፈት «የለም» ቢል ኖሮ የት እገባ ነበር? ከቃሌ እስከ ወረቀቱ መቀደድ የነበረችው ያቺ ቅጽበት አሁንም አላለቀችልኝም።

ቢሆንም እውነቱን ልናገር። የመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን ለማንሣት ስፈራ፣ የምለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሲቀር፣ የዚያን ቀን በር ላይ የቆመችው ልጅ ትዝ ትለኛለች። ልብሷ በዝናብ እንደራሰ፣ ሳታውቅ፣ እየፈራችም፣ ጮክ ብላ የተናገረችው። ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ የት እንደሄደችም አላውቅም። ትናፍቀኛለች።